የወርቅ ስልባቦት

እኛ ጎንደር ያለን ወርቅ ሠሪዎች አንድ ደንብ አለን። የወርቅ ሠሪ ሚስት ወርቅ ድንጋይ ላይ አይታሽም። የሌላውን ሰው ጌጥ፣ የሸኽ ቤትም ይሁን የቄስ፣ ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ እናሸዋለን። ጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ እናደርጋለን፤ ጭረቱ ካልጠፋ ወርቅ ነው እንላለን። የሙያ ጓደኛን ሚስት አምባር ግን "እስኪ ልየው" ማለት ባልየውን ሌባ ብሎ መስደብ ነው። በዚህ ነገር ተቀያይመው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሸጋ ደንብ ነው እል ነበር። እንደ እኔ ላለ ቀጣፊ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል?

ስሜ ዐብዱልከሪም ነው። ሱቄ ፒያሳ ነው። አባቴም አያቴም እዚያው ወናፍ ሲነፉ አርጅተዋል። ስድሳን ተሻግሬያለሁ፣ ዓይኔም እየከዳኝ ነው፤ ነገሩን ይዤ አፈር አልገባም ብዬ ነው የምለፈልፈው። ስለዚህ ሳልዞር ልናገር። ለሚስቴ ለሙሚና መህር፣ ያው የጋብቻ ጥሎሽ፣ ብዬ የሰጠኋት አምባር ወርቅ አልነበረም። ብር ነበር። ላዩን ወርቅ ያለበስሁት ብር።

ጊዜው 1983 ነው፣ ጦርነቱ ደጃችን ደርሷል። ወርቅ ያለው ሰው ወርቁን ቀብሮታል፣ የሚሸጥ የለም። የኒካሑ ቀን ደግሞ ተቆርጧል። የሙሚና ወንድም ሳሊም "ለእህቴ መህር አንድ ወፍራም አምባር፣ ሃያ አንድ ካራት" ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናገረ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ "እንዴታ! የወርቅ ሠሪ ልጅ አይደለሁም እንዴ?" አልሁ። ጠላቴ አፌ ነው። እቤት የነበረኝ ወርቅ ለአንድ ጉትቻ አይበቃም ነበር።

ምን አደረግሁ? ብር አቅልጬ አምባር ሠራሁ። ያችን ቁራጭ ወርቅ በባዚቃ አሟሟኋት፤ ባዚቃ ያ እንደ ውሃ የሚንከባለለው ነጭ ነገር ነው፣ ወርቅ ይውጣል። አምባሩን ቀባሁትና እሳት ላይ ያዝሁት። ባዚቃው በኖ ሲሄድ ወርቁ ብሩ ላይ ቀረ። ተወልውሎ ሲያበቃ እኔኑ ራሴን አታለለኝ። "ለዓመት ነው" አልሁ፤ "አገር ሲረጋጋ እውነተኛውን ሠርቼ እቀይርላታለሁ፣ ማን ያውቃል?"

መህር እኮ የቀልድ ነገር አይደለም። ሸኹ ጠይቀው፣ ምስክር ሰምቶ፣ በአላህ ስም የሚታሰር ነው። እኔ እዚያ ፊት ቅብ ብር ይዤ ቁጭ አልሁ።

አገሩ ተረጋጋ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ዓመትን ወለደ። ቅቡ እየሳሳ ሲመጣ ዒድ ሲደርስ "አምጪ ላጥራልሽ" እያልሁ መልሼ እቀባዋለሁ። ሙሚና ለጎረቤት "የእኔ ባል እኮ! ወርቄን እንደ ሕፃን ነው የሚያጥበው" እያለች ታወራለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ወይ አለማፈር!

በ2000 ዓ.ም. ሙሚና ኩላሊቷን ታመመች። ሐኪሙ "እዚህ አይሆንም፤ ሳታድር አዲስ አበባ ይዘሃት ሂድ" አለኝ። እቤት ስገባ ከፍራሹ ቀና ብላ አምባሩን አወለቀችና ዘረጋችልኝ። እጇ ከስቶ ነበርና ሳይጎትታት ነው የወጣው። "ሽጠውና ውሰደኝ፣ ዐብዱ" አለችኝ። "ስድን ሌላ ትሠራልኛለህ።" ልጃችን ፈህሚያ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እግርጌ ተቀምጣ የእናቷን እግር ታሻለች።

እኔ ምን አልሁ? "ክብርሽን አልሸጥም!" አልሁ። ጮክ ብዬ። ከሸጥሁት ገዢው ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ ዕለቱን ፒያሳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሳሊም መጥቶ "እኔ ልግዛው፣ ከቤት አይወጣም" ቢለኝ እሱንም ተቆጥቼ መለስሁት። ልበደር ብል "ሚስቱ ያን የሚያህል ወርቅ አጥልቃ ይበደራል?" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የደበቅሁት እኔ ነበርሁ፣ መድኃኒት ያጣችው እሷ ናት። ስድስት ሳምንት ስዞር፣ ስለምን፣ ሐሙስ ቀን ሞተችብኝ። ከመሞቷ በፊት አምባሩን ለፈህሚያ አጠለቀችላትና "አባትሽ አልሸጥም ያለው ነው" አለቻት።

ለቀስተኛው ሁሉ አመሰገነኝ። "የሚስቱን ወርቅ የማይነካ ወንድ" አሉኝ። ፈህሚያ እያለቀሰች እንኳ ይህን ስትሰማ አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዓይን ነው የምታየኝ። ሙሚናን አጣሁ፣ ኢማኔ፣ እምነቴም እንዳለ አላውቅም፤ የቀረኝ ያ የልጄ ዓይን ብቻ ነበር። እሱን እንዳላጣ ነው ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት።

ፈህሚያ ጎበዝ ወጣች። እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ ተማረች፣ ከዚያም ለማስተርስ ገባች፣ ጎን ለጎን የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ታስተምራለች። የምታጠናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወርቅ! አላህ ሲፈርድ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ምሳ ይዛልኝ መጥታ "አባዬ፣ ወርቅ ቀለሙ ምንድነው?" አለችኝ።

"ምነው ልጄ፣ ትምህርቱ ነካሽ? ቢጫ ነዋ!"

"ሲደቅቅ ቀይ ነው" አለች እየሳቀች። "በዓይን ከማይታይ አቧራ እጅግ ደቅቆ፣ ውሃ ውስጥ ተራርቆ ሲንሳፈፍ ቀይ ነው። ሲቀራረብ ሰማያዊ ይሆናል። ደግሞ ተሰልፎ አንድ ንጣፍ ሲሠራ መልሶ ወርቅ ይመስላል።"

"ማን ነው የሚያሰልፈው?"

"ማንም። ራሱ ይሰለፋል።"

"ሞኝሽን ፈልጊ!" አልኋት። "እኔ አርባ ዓመት ስቀጠቅጥ አንድ ቀን ራሱ ተሰልፎልኝ አያውቅም።" ግን ነገሩ አባቴን አስታወሰኝ። አባቴ ወርቅ ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ ከሽንኩርት ልጣጭ ሲያሳሳው ወደ ፀሐይ ያነሣውና በውስጡ አረንጓዴ ብርሃን ያሳየኝ ነበር። ይህን ስነግራት ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። "እሱን ነው እኮ የማጠናው! አያቴ ሳይማር ደርሶበታል!" አለች። ከዚያ ምሳ የሚበልጥ ደስታ አላስታውስም።

በ2009 የጥናቷ ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ከውጭ ያዘዙላት ለጥናቷ የተዘጋጀ ወርቅ፣ የወርቅ ጨው የሚሉት፣ መንገድ ላይ ቀረ። ያለሱ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ምርቃት የለም። አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቅ መጣች። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። አምባሩን ከመሐረብ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ይህ ስንት ካራት ነው?"

"ሃያ አንድ" አልሁ፤ ምራቄን እንኳ ሳልውጥ።

"ራስህ ነህ የሠራኸው?"

"በእነዚህ እጆቼ።"

"ለእናቴ መህር?"

"ለመህሯ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከዚያ "ለጥናቴ ቁንጥር ወርቅ ይበቃኛል። ከዳሩ ትንሽ ቁረጥልኝ" አለች።

ከዳሩ ከተቆረጠ ውስጡ ነጭ ነው! "የእናትሽ አምባር አይቆረጥም!" ብዬ ጮህሁ። "ተሸርፎ ከሚቀር ሁሉንም አቅልጬ እንክብል አድርጌ እሰጥሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል ተጠቀሚበት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። እናትሽ ለትምህርትሽ ብትጠየቅ ሳቅ ብላ ነበር የምትሰጥሽ።"

እንዲህ እያልሁ እንባ ሁሉ መጣብኝ፤ እውነተኛ እንባ። ሰው ሲዋሽ ማልቀስ እንደሚችል ያን ዕለት አወቅሁ። ፈህሚያ "እሺ አባዬ" ብላ ወጣች። ደጃፉ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፣ የምጨምረው እንዳለ የምትጠብቅ ይመስል። "ዓርብ ነይ" አልኋት።

ወርቅ ከየት አመጣህ በሉኛ! ነበረኝ። እኛ ወርቅ ሠሪዎች የጠረጴዛችንን ጥራጊ አንጥልም። ከሞረድ ሥር የሚበነው፣ ጉልበታችን ላይ ከምናነጥፈው ቆዳ የሚራገፈው፣ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ሁሉ ይሰበሰባል። በዓመት አንድ ቀን ጨርቁም ምንጣፉም ተቃጥሎ አመዱ ይታጠባል፣ ከሥሩ ጥቂት ወርቅ ይወጣል፤ አንዳንድ ዓመት ከግራም ይበልጣል፣ አንዳንዴም ግራም አይሞላ። የእኔ ጥራጊ በጨርቅ ተቋጥሮ እቤት በአባቴ ሳጥን ውስጥ ነበር። ዓላማው አንድ ነው፤ እውነተኛውን አምባር ሠርቼ ቅቡን ለመተካት። መቼ መሰብሰብ እንደጀመርሁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።

በሬን ዘግቼ አምባሩን መዘንሁት። ሠላሳ አንድ ግራም። ጥራጊውን አቀለጥሁ፣ ሃያ አንድ ካራት እንዲሆን መዳብ ጨመርሁበት፣ የጎደለውን ከአባቴ ቀለበት ቆርጬ ሞላሁ። ሠላሳ አንድ ግራም፤ ከፀጉር የቀጠነ እንኳ ልዩነት የለውም። ልጄ የተማረች ናት፣ ትመዝናለች ብዬ ነው። እየሠራሁ ኮራሁ ብላችሁ ታምናላችሁ? "አየሽ ሙሚና፣ ይኸው ሞላልሽ" አልሁ ብቻዬን። አምባሩን ግን እዚያው እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ያ ቀጭን ቅብ ወዲያው ብሩ ውስጥ ሰጠመና ጠፋ። ነጭ ድብልብል ሆኖ ወጣ፤ በማግሥቱ ለአንድ የብር መስቀል ሠሪ ሰጠሁት።

ዓርብ ፈህሚያ መጣች። እንክብሉን መዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት። አገላበጠችው። "አነሰ" አለች ቀስ ብላ።

"ቢመዘን ሠላሳ አንድ ነው፤ ሲቀልጥ ይሰበሰባል" አልሁ።

"የእናቴ ነው?"

"የእናትሽ ነው።" እዚያ ላይ ብበቃ ምን ነበረበት? ማን ማል አለኝ? "ወላሂ የእናትሽ ነው!" አልሁ። ፈህሚያ ዓይኗን ጨፈነች። ደስ ብሏት መሰለኝ።

ከአንድ ወር በኋላ "ና እይ" ብላ ጠራችኝ። ዒድ የምለብሰውን ኮት ለብሼ በባጃጅ ሄድሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ መምህሯ ሐብተ ማርያም ቆሞ ነበር፣ ትሑት ሰው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ፈህሚያ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ ወርቁ በአሲድ ሟሙቶ የገባበትን ውሃ ታፈላለች። ውሃው ጥቂት ቢጫ ነበር። አንድ ነገር፣ የሎሚ ጨው ዘመድ ነው አለችኝ፣ ጠብ ስታደርግበት መጀመሪያ ጠራ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ እያየሁት እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀላ።

"ሱብሐነላህ!" አልሁ። "የት ሄደ ወርቁ?"

"እዚሁ ነው። ተራርቆ ስለሆነ ነው።" ከቀዩ ትንሽ ቀንሳ ጨው ነሰነሰችበት፤ በቅጽበት ሰማያዊ ሆነ። "ይኸው ተጠጋጋ" አለች። "ምን ያህል እንደተራራቁ በቀለማቸው ይታወቃል። ምንም ቢደብቁት ብርሃን ያወጣዋል።"

ከዚያ ሌላ ቀይ ብርጭቆ አንሥታ ላዩ ላይ ዘይት መሰል ነገር አፈሰሰች፤ ሁለቱ አልተቀላቀሉም። አልኮል ጠብ ጠብ ስታደርግበት ከሁለቱ መሐል፣ ልክ የፈላ ወተት ስልባቦት እንደሚይዘው፣ አንድ ስስ ነገር መጣ። ወርቅ ነበር። ማንም ሳይቀጠቅጠው፣ ማንም ሳይደረድረው፣ ፊት የሚያሳይ የወርቅ ስልባቦት። እኔ አርባ ዓመት የሠራሁት ሁሉ አጠገቡ ቆርቆሮ መሰለኝ። እሷ ቁራጭ መስታወት ሰደደችና በስሱ አነሣችው። ከፊት ለፊቱ ሳየው ወርቅ፤ ወደ መስኮቱ አንሥታ በውስጡ ስታሳየኝ ሰማያዊ። መሣሪያዋ ውስጥ ከታ ብርሃን ስታሳልፍበት ኮምፒውተሩ ላይ ጉብታ ያለው መስመር ይሣላል። ጉብታው ወዴት እንደሸሸ አይታ ቅንጣቶቹ መሐል ስንት ክፍተት እንዳለ ትናገራለች።

"ግሩም ሥራ ነው" አለኝ ሐብተ ማርያም። "ወርቁም ደግሞ ልክ እንደነገሩን ሃያ አንድ ነው የተገኘው፣ አያ ዐብዱልከሪም። የታመኑ ሰው ነዎት።" ጨብጦኝ ወጣ። እኔ ደረቴ ተነፋ፤ የኮቴ ቁልፍ ሊበጠስ ነበር።

ብቻችንን ስንቀር ፈህሚያ በመስታወት ሣጥን ያለች ሚዛን ፊት አቆመችኝ። ሚዛኗ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ደብተሯን ገለጠች።

"አባዬ፣ አምባሩ ሠላሳ አንድ ግራም ነበር። አንተም የመለስክልኝ ሠላሳ አንድ ግራም ነው።"

"ቅንጣት አላጎደልሁም!" አልሁ። ደንቆሮ ማለት እንደ እኔ ነው።

"አላጎደልክም። አምባሩን ግን በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ መዝኜው ነበር። ሦስት ግራም ቀለለ። ወርቅ ቢሆን ሁለት እንኳ አይሞላም። ሦስት የሚቀለው ብር ነው።" ገጹን ገለበጠች። "ያንተ እንክብል ሁለት አልሞላም።"

"መቼ መዘንሽው?" ማለት ብቻ ቻልሁ።

"ሱቅ ከመምጣቴ ሁለት ሳምንት በፊት። የመጀመሪያ ዓመት ልጆችን ሳስተምር፣ ወርቅ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ላሳያቸው ብዬ ከእጄ አወለቅሁት። አባቴ ለእናቴ የሠራላት ነው ብዬ ተኩራርቼ። ብር ሆኖ ወጣ። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ሳቁ። ሦስት ጊዜ ደገምሁት።" ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። 'ልጄ፣ ቸግሮኝ አታለልኋት' ብትለኝ አልቅሼ እተወው ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ። ከዳሩ ቁረጥልኝ አልሁህ። ዓርብም የእናቴ ነው ወይ አልሁህ። አንተ ግን ወላሂ አልህ።"

"አፍሬ ነው ልጄ። ፈርቼ..."

"እናቴ ሽጠው ስትልህ ያልሸጥከውም ፈርተህ ነው። ይህንንም ልቻለው ብዬ ነበር። ግን ወርቁ ከየት መጣ?"

"ከጥራጊ" አልሁ። "በየዓመቱ ከአመድ እያጠብሁ፣ እውነተኛውን ልሠራላት።"

"መቼ ጀመርክ?"

አሁን ደረስሁበት፣ ያቆየሁባችሁ ነገር። "ከሞተች በኋላ" ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብላት ምናልባት ታምነኝ ነበር። ግን ከፊቴ ያለችው ልጅ ውሸትን በውሃ የምትመዝን ናት። "ከተጋባንበት ዓመት" አልሁ።

"እናቴ ስትታመም ስንት ደርሶ ነበር?"

ወርቅ ሠሪ ነኝ፤ ወርቄን አውቃለሁ። "አሥራ ዘጠኝ ግራም።"

አሥራ ዘጠኝ ግራም እውነተኛ ወርቅ፣ የትኛውም ድንጋይ የማያሳፍረው፣ ከምትሞትበት ፍራሽ ሦስት እርምጃ ርቆ ሳጥን ውስጥ ነበር። ጠዋት ሸጬ ማታ አዲስ አበባ ልገባ እችል ነበር። ሰው ቤት ለብድር ስዞር፣ ሙሚና ስታቃስት፣ ቋጠሮው እዚያው ነበር። ለምን አልነካሁትም? ጥቂት ዓመት ነበራ የቀረኝ! እሱን ከሸጥሁ አምባሩ ለዘላለም ብር ሆኖ መቅረቱ ነው ብዬ። እሷ ትድናለች፣ አምባሩ ይሞላል፣ ማንም አያውቅም ብዬ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ የእኔ ብብት ግን ሰው ነበር።

ፈህሚያ አላለቀሰችም። መሳቢያ ከፍታ እንክብሉን አወጣች፤ ከጫፉ ጥቂት ተቆርጦለት ሙሉውን ያህል አለ። "ግማሽ ግራም ነው የወሰድሁት። ነግሬህ ነበር ቁንጥር እንደሚበቃኝ" አለች። ስልባቦቱ ያለበትን መስታወት በወረቀት ጠቀለለችና ሁለቱን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ይኸው ወርቅዎ፣ አባቴ" አለችኝ። "አምባሩን አሁን ይሥሩላት።"

ተመረቀች። ሌላ ከተማ ታስተምራለች። ዒድ ሲሆን ትደውላለች፣ ደኅና ነዎት ወይ ትለኛለች፣ ደኅና ነኝ እላታለሁ። ለማንም አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል እኔን ዝምታው ሊገድለኝ ደረሰ።

ባለፈው ወር አልቻልሁም፤ የሙሚናን ወንድም ሳሊምን ሱቅ ጠራሁትና ሁሉን ነገርሁት። መህሩን፣ ባዚቃውን፣ አሥራ ዘጠኙን ግራም። ይምታኝ ብዬ ነበር። ይትፋብኝ ብዬ። ሳሊም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። "ብቸኝነት ነው እንዲህ የሚያደርግህ" አለኝ። "አምባሩ የታለ?"

"አቅልጬዋለሁ።"

"ከአምባሩ የቀረው ይህ ነው?" ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እንክብል አየ። ከልክዬው ሳልጨርስ አንሥቶ ጥቁሩን ድንጋይ ጎተተ። የወርቅ ሠሪ ሚስት ወርቅ ድንጋይ ላይ ሲታሽ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ አየሁ። አሸው፣ እኔ ስፈትን እንዳየው አሲድ ጠብ አደረገበት፣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን።

ጭረቱ አልጠፋም።

"ይኸው! ወርቅ ነው፣ ወንድሜ" አለ ሳሊም፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። "የእህቴን ወርቅ ያልነካህ ሰው ምነው ራስህን ታሰቃያለህ?" ራሴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ።